ከአሞሌ እስከ አዮዲን ጨው፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እንቅርት ታሪክ

መግቢያ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ያልተሰማበት ቤት አይገኝም። ችግር በችግር ላይ ሲደረብ የምንለው ነው። ይሁን እንጂ ሕዝባችን ለመከራ መደራረብ ምሳሌ ሲፈልግ ከበሽታ ሁሉ መርጦ እንቅርትን ስለምን እንደጠራ የጠየቀ ጥቂት ነው። መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ምሳሌ ሊሆን የሚችለው ሁሉም የሚያየው ነገር ነው። እንቅርትም በደጋው አገራችን በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም፣ በለቅሶ ቤትም የሚታይ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የተወለደው በጋይንት ነው። ሴት አያቴ ሻሻቸውን ከራሳቸው ይልቅ ለአንገታቸው ይጠቀሙበት ነበር። እንቅርታቸውን እግዜር የሰጣቸው አድርገው ይቆጥሩት ነበር እንጂ ከጓዳቸው የጎደለ ነገር ውጤት መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም። የጎደለውም ነገር የስድሳ ዓመት ድርሻቸው ተደምሮ ቢሰፈር አንዲት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ከሙያችን ጋር ግንኙነት ስላለው አንድ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ድልድይ ወይም ግድብ እንደምመርጥ ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔ ግን ጨውን መረጥሁ። የእንቅርት ታሪክ በአብዛኛው የተሠራው በሐኪም ቤት ሳይሆን በመንገድ፣ በጨው ኩሬና በመደባለቂያ መሣሪያ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ያልተጠናቀቀውም ሥራ ያለው እዚያው፣ እኛ መሐንዲሶች በምንቆምበት ቦታ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ

በደቡብ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ለጋይንትም፣ ለስማዳም፣ ለእስቴም የውኃ ራስ ነው። ከትከሻው የሚወርዱት ወንዞች በአንድ ወገን ወደ ጣና፣ በሌላ ወገን ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የተባሉት ከተሞች የቆሙት በዚሁ ተራራ ዙሪያና ከእርሱ በታች በተዘረጋው ወጣ ገባ ምድር ላይ ነው። የጥቁሩ ድንጋይ ደጋ ለዘመናት ታርሷል፤ ዳገቱም በየክረምቱ ታጥቧል። የዚህን አገር ገበሬ ለተደጋጋሚ የምግብ እጥረት የዳረገው የአፈር መሸርሸር ሌላም ዓይን የማያየው ነገር ይዞ ሄዷል፤ ይኸውም አዮዲን ነው።

የአዮዲን ዋናው መዝገብ ባሕር ነው። ከባሕር ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ዝናም፣ ከዝናም ወደ አፈር ይደርሳል። የሚቀመጠውም በላይኛው ብስባሽ አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ሲታጠብ አዮዲኑም አብሮ ወደ ቆላና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከዚያ መሬት የሚበቅለው ገብስም ሆነ ጤፍ፣ የሚግጠውም ከብት፣ የሚታለበውም ወተት ሁሉ ጥቂቱን እንኳ አይዝም። ስለዚህ የራሱን እህል የሚበላ ደገኛ ጥጋብ በሆነበት ዓመት እንኳ ከአንድ ነገር ጾመኛ ሆኖ ይኖራል።

የአንገት ዕጢና የጉበት ዝምድና

በአንገታችን ፊት ለፊት የሚገኘው ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ከአዮዲን ሆርሞን ይሠራል። ይህ ሆርሞን የአካላችንን የሥራ ፍጥነት ይወስናል። በመሐንዲስ ቋንቋ ብንናገር የሞተሩን ዙር እንደሚቆጣጠር መሣሪያ ነው። አዮዲን ሲያጥር ዕጢው ያለችውን ለመያዝ ሲጥር ይሰፋል፤ እንቅርት የምንለውም ይህንኑ መስፋት ነው። እጥረቱ ሲከፋ ሆርሞኑ ያንሳል፤ ሰውየው ይደክማል፣ ብርድ ይበዛበታል፣ ሰውነቱ ያብጣል። ከሁሉ የከፋው ግን በእናት ማሕፀን የሚደርሰው ነው። በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ክፉኛ ያጠራት እናት የምትወልደው ሕፃን አእምሮው ሳይጎለብት፣ አንዳንዴም መስማትና መናገር ተስኖት ሊያድግ ይችላል። ይህ ጉዳት በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። እንቅርት የመልክ ጉዳይ አለመሆኑ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ጉበት ከዚህ ዕጢ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው። ዕጢው ከሚያመነጨው ሆርሞን የሚበዛው ገና ሙሉ ሥራ ያልጀመረው ዓይነት ሲሆን፣ ወደ ሠሪው ዓይነት ከሚለወጥባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ጉበት ነው። በአንጻሩም ጉበት ስብንና ኮሌስትሮልን የሚያቃጥልበትን ፍጥነት የሚወስነው ይኸው ሆርሞን ነው። ስለሆነም ዕጢው ሲዘገይ በደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይበዛል፤ በጉበትም ላይ ስብ ሊከማች ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የተፈቀደው ሬስሜቲሮም የተባለው የጉበት ስብ መድኃኒት የሚሠራው በጉበት ውስጥ የታይሮይድን ሆርሞን ሥራ በመምሰል ነው። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕውቀቱ የመጣበት መንገድ

አዮዲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ሲሆን ያገኘውም ከባሕር አረም አመድ ለባሩድ የሚሆን ጨው ያወጣ የነበረው ፈረንሳዊው ኩርቷ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ አዮዲንን ለእንቅርት ሰጠ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ባውማን በዕጢው ውስጥ አዮዲን መኖሩን አረጋገጠ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1917 ዴቪድ ማሪንና ባልደረባው በአሜሪካ፣ በአክረን ከተማ፣ ለተማሪዎች ጥቂት አዮዲን እየሰጡ እንቅርትን መከላከል እንደሚቻል አሳዩ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1922 የስዊስ ተራራማ አውራጃዎች፣ በ1924 ደግሞ የአሜሪካዋ ሚሺጋን አዮዲን የተጨመረበትን ጨው ለሕዝብ ማዳረስ ጀመሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢያስተውል መልካም ነው። ከኩዋንዴ እስከ ስዊስ ጨው 102 ዓመት አልፏል። የዘገየው የሕክምናው ዕውቀት ብቻ አልነበረም። ለሁሉ ሰው፣ በየቀኑ፣ በትክክለኛ መጠን፣ ሳይጠየቅ የሚደርስ አንድ ተሸካሚ መፈለግ ነበረበት። ያም ተሸካሚ ጨው ሆነ፤ ሀብታምም ድኻም እኩል ይቀምሰዋልና።

ጨው ወደ ጋይንት እንዴት ይደርስ ነበር?

በአገራችን ጨው ለረጅም ዘመን ቅመም ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። በዳናክል ዝቅተኛ ምድር ከአርሆ የጨው ሜዳ እየተፈለጠ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው በገንዘብነት ሲያገለግል ማየቱንና ከመውጫው በራቀ መጠን ዋጋው እየናረ እንደሚሄድ ጽፏል። አሞሌ በሰቆጣና በላስታ በኩል እየተሸጋገረ ወደ በጌምድር ገበያዎች ይዘልቅ ነበር። ጋይንት የሚደርሰውም ብዙ እጅ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ውድ ነበር፤ በቁጠባም ይላስ ነበር። አሞሌ ግን ምንም ያህል ውድ ቢሆን ለዕጢው የሚበቃ አዮዲን አልነበረውም። የባሕር ጨውም ቢሆን በራሱ አይበቃም፤ አዮዲን በሰው እጅ ካልተጨመረበት በስተቀር ጨው ሁሉ ለእንቅርት አንድ ነው።

መንገድም ቢሆን ወደዚህ አገር በቶሎ አልመጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቁን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉና ገደል እያስደለደሉ ያለፉት በጋይንት በኩል ነው። በጨጨሆ በኩል ለመድፍ የተጠረገው መንገድ ግን ለነጋዴ አልቆየም። መኪና የሚያስኬደው ከወረታ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ በቻይና እርዳታ የተሠራው ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» ይለዋል። ከዚያ ወዲህ ነፋስ መውጫ በኩንታል የታሰረ የባሕር ጨው ከመኪና ይራገፍባት ጀመር። አሞሌም ከገበያው ቀስ በቀስ ወጣ።

የጥናቱና የጨው ምንጩ ታሪክ

የእንቅርትን ስፋት በአገር አቀፍ ደረጃ የለካው በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ነው። ዘውዴ ወልደ ገብርኤልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 30.6 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ነበረባቸው። በዚያው ዐሥር ዓመት በቀይ ባሕር ዳርቻ ከሚመረተው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀመረ። ጨው በጥቂት ትልልቅ ማምረቻዎች ይዘጋጅ ስለነበረ ሥራው ለቁጥጥር የተመቸ ነበር።

ይሁን እንጂ በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። የአሰብና የምጽዋ ጨው ቀረ። አገሪቱም ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ ወደሚገኘው ወደ አፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ፊቷን አዞረች። እዚያ ጨዋማው ውኃ በፓምፕ ወደ ኩሬ እየተገፋ በፀሐይ ይተናል። አምራቾቹ ብዙና አነስተኛ ነበሩ፤ አዮዲን የሚጨምር መሣሪያ አልነበራቸውም። አገሪቱ ጨው አላጣችም፤ አዮዲኑ ግን በጸጥታ ጠፋ። ጨውን ቢያጣ ሕዝቡ ይጮህ ነበር፤ አዮዲንን ሲያጣ ግን ማንም አልሰማም፤ ጣዕም የለውምና።

ውጤቱ ብዙ አልቆየም። ቸርነት አቡዬና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 39.9 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ተገኘባቸው። ከቀድሞው ጥናት ይልቅ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ጨውን በአዮዲን ስለማበልጸግ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204/2003 ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 89 በመቶ ሆኑ። በአምስት ዓመት እንዲህ ያለ ለውጥ ያሳየ የሕዝብ ጤና ሥራ በአገራችን ብዙ አይደለም፤ የደከሙበት ሁሉ ሊመሰገኑ ይገባል።

የአምስቱ ግራም ጥያቄ

ሆኖም «አዮዲን አለበት» ማለት «በቂ አዮዲን አለበት» ማለት አይደለም። በቤት ውስጥ የሚገኝ ጨው በኪሎ ከ15 ሚሊግራም ያላነሰ አዮዲን ሊኖረው ይገባል። ይህን የሚያሟላ ጨው ያላቸው ቤቶች ግን በዚያው ዘመን በተደረገ አገር አቀፍ ምርመራ ከግማሽ በታች ሆነው ተገኝተዋል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ዐዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ሲሆን ነፍሰ ጡር ሴት 250 ያስፈልጋታል። በማምረቻው ላይ በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን እንዲኖር ብንፈልግ ለአንድ ኩንታል ጨው 3 ግራም አዮዲን ያስፈልጋል። አዮዲኑ የሚሰጠው በፖታሲየም አዮዴት መልክ ነው፤ ሌላው የአዮዲን ዓይነት፣ ፖታሲየም አዮዳይድ፣ እርጥበትና ቆሻሻ ባለበት ጨው ላይ ሲቆይ በቀላሉ ይጠፋልና። በዚህ መልክ ሲታሰብ 5 ግራም ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው አንዲት የሻይ ማንኪያ ዱቄት በመቶ ኪሎ ሸካራ ጨው ውስጥ፣ ከሃያ ሺህ እጅ አንድ እጅ በሆነ መጠን፣ እያንዳንዷ ጭብጥ እኩል እንድታገኝ አድርጎ ማዳረስ ነው። ይህ የሐኪም ጥያቄ አይደለም። የመደባለቅ፣ የመመጠንና የመቆጣጠር ጥያቄ ነው፤ ስለሆነም የእኛ ነው።

ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ የጨው ማዘጋጃ በጎበኘሁ ጊዜ ሠራተኞች የተከመረውን ጨው በጀርባ በሚታዘል መርጫ እየረጩ በአካፋ ሲያገላብጡት አየሁ። እንዲህ ያለው አሠራር በአነስተኛ አምራቾች ዘንድ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ከአንዱ ጆንያ አፍና ከሥሩ ቆንጥሬ የመመርመሪያውን ጠብታ ጣልሁበት። የአፉ ጨው ወዲያው ጠቆረ፤ የሥሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ጆንያ አፍ የሰፈረች እናትና ከሥሩ የሰፈረች ጎረቤቷ ሁለቱም «አዮዲን ያለው ጨው» ገዝተዋል፤ ልጆቻቸው ግን እኩል አልተመገቡም። የሠራተኞቹ ትጋት አልጎደለም፤ የጎደለው መሣሪያው ነበር።

ከማምረቻው ወዲህም ኪሳራ አለ። ጨው ከአፍዴራ ተነሥቶ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ እስኪደርስ በፀሐይ፣ በዝናምና በመጋዘን እርጥበት ያልፋል። ጆንያው ሲረጥብ አዮዲኑ ከእርጥበቱ ጋር ወደ ሥር ይወርዳል። በቤትም የእኛ እናቶች ሸካራውን ጨው አሸዋ አለበት ብለው አጥበው አስጥተው ይፈጩት ነበር። ላዩ ላይ የተረጨ አዮዲን በዚህ እጥበት አብሮ እንደሚሄድ ማን ነገራቸው? ንጽሕናቸው ነው የጎዳቸው።

ስለ ፀሐይ ቪታሚን

አሁን ወደ ጉበት ልመለስ። በቅርብ ዓመታት ዕጢያቸው በዘገየባቸውና ጉበታቸው ስብ በቋጠረባቸው ሰዎች ዘንድ ቪታሚን «ዲ» መውሰድ እየተለመደ መጥቷል። የዚህም ቪታሚን ታሪክ ከአዮዲን ታሪክ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ማክኮለም ለቪታሚን «ዲ» ስሙን የሰጠው ስዊስ ጨዋን ባበለጸገችበት እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ስቲንቦክ ምግብን በልዩ ብርሃን በማጋየት ቪታሚኑን ማስገኘት እንደሚቻል ያስታወቀው ሚሺጋን አዮዲን ባዳረሰችበት በ1924 ነው። ቪታሚኑ በቆዳችን ላይ ከፀሐይ ይሠራል። ከዚያም በመጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎ በኩላሊት ተለውጦ ነው ሥራውን የሚጀምረው።

ፀሐይ በማይጠፋበት አገራችንም እጥረቱ አለ። በአዳማና በአካባቢው በተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 42 በመቶ የሚሆኑት ቪታሚኑ አንሷቸው ተገኝተዋል፤ ከገጠሩ ይልቅም የከተማው ልጅ ብሷል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም የታይሮይድ ዕጢያቸው በዘገየና ጉበታቸው በታመመ ሰዎች ደም ውስጥ ቪታሚኑ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ይገልጻሉ። ይሁን እንጂ ዝቅ ብሎ መገኘት አንድ ነገር ነው፤ የበሽታው ምክንያት መሆን ሌላ ነገር ነው። ቪታሚኑን የሚለውጠው ጉበት ራሱ ስለሆነ፣ የጉበት መታመም ቪታሚኑን ሊያሳንስ ይችላል። ቪታሚኑን በመስጠት የጉበትን ስብ ለመቀነስ የተደረጉት ሙከራዎችም ውጤታቸው እርስ በርሱ አልተስማማም። እጥረቱ በምርመራ የተረጋገጠበት ሰው ለአጥንቱ ሲል ሊወስደው ይገባል፤ ለጉበት መድኃኒት ነው ብሎ መታመን ግን ከማስረጃው መቅደም ነው። ከልክ በላይ ከተወሰደም በደም ውስጥ ካልሲየምን አብዝቶ ይጎዳል።

አዲስ አበባ የሚኖሩ አክስቴ ይህንን በራሳቸው አይተውታል። ዕጢያቸው ስለዘገየ ሊቮታይሮክሲን ይወስዳሉ። ጉበትዎ ስብ ቋጥሯል በተባሉ ጊዜ የጎረቤት ምክር ሰምተው ካልሲየምና ቪታሚን «ዲ» በአንድነት ያለበትን እንክብል ገዙ፤ በየማለዳውም ከዕጢው መድኃኒት ጋር በአንድ ጉንጭ ውኃ ይውጡት ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ድካሙ ባሰባቸው፤ ፊታቸውም አበጠ። ካልሲየም የዕጢው መድኃኒት ወደ ደም እንዳይገባ የሚያውክ መሆኑን የነገሯቸው አንድ አስተዋይ ሐኪም ናቸው። የሁለቱ መድኃኒቶች ሰዓት በአራት ሰዓት ተራራቀ፤ አክስቴም ወደ ቀድሞ ጤናቸው ተመለሱ። ጉበትን ለመርዳት ተብሎ የተጨመረው ነገር ጉበት የሚፈልገውን ሆርሞን ነሥቶ ነበር።

አዮዲንም ቢሆን የሁሉ መድኃኒት አይደለም። ዕጢው የዘገየበት ምክንያት ሌላ ለሆነ ሰው አዮዲን መጨመር አይፈውሰውም። ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ የጎደለውን ለክቶ ማወቅ፣ የጎደለውን ያህል መሙላት፣ መድረሱንም መልሶ መለካት።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከማኅበራችን አባላት ምን ይጠበቃል? የጨው ፍሰቱንና የአዮዲኑን ጠብታ አንድ ላይ የሚመጥን፣ በአፋር ሙቀትና ጨዋማ አየር የማይበላ፣ በአገር ውስጥ ሊጠገን የሚችል መደባለቂያ መሥራት ይጠበቃል። ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ እንዲለካ የአሠራር ሥርዓት መዘርጋት፣ እርጥበት የማያስገባ ማሸጊያ ማዘጋጀትና የአምራቹ ስም በጆንያው ላይ እንዲጻፍ ማድረግም የእኛው ድርሻ ነው። ለቤተሰብ የሚነገረው ደግሞ አጭር ነው፦ ጨውን አትጠቡ፤ በክዳን ዕቃ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም የመመረቂያ ሪባን አይቆረጥለትም። ድልድይ የሠራ ስሙ ይጻፍለታል፤ አምስት ግራሙን በትክክል ያደባለቀ ግን ማንም አያውቀውም፤ ሥራው የሚታየው በስማዳ ተማሪ ቤት አንገቱ ባላበጠና ትምህርቱ በገባው ልጅ ላይ ነውና።

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይሉ ነበር። የዘመናችን ጨው ጣፍጧል፤ ጎዶሎው ግን በምላስ አይታወቅም። በመሣሪያ የሚያውቀው፣ የሚሞላውም ባለሙያ ነው። አያቴ ከነሻሻቸው አልፈዋል። የልጅ ልጆቻቸው ልጆች ዛሬ ከነፋስ መውጫ ገበያ ጨው ይገዛሉ፤ ያ ጨው ከጆንያው አፍ ቢሰፈርም ከሥሩ ቢሰፈርም አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ የእኛ ዕዳ ነው።